ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ቆጡ ነው። እናቴና እኔ ከሥር ተቀምጠን ቁርስ ስንበላ ከላይ የጭድ አቧራ የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ረገፈ። ቀና ብል አጣናዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። የጀማል ጥርስ ሲንገጫገጭ እኛ ድረስ ይሰማል። እናቴ ዳቦዋን አስቀምጣ ጥቂት አዳመጠችና ወባ ተነሳችበት አለች። እኔም ወባ ነው አልኩ። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ወባን ለመለየት ሐኪም አያስፈልገውም፤ እኛ እንደዚያ እናስብ ነበር።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ቤቱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ላለበት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ነው። የሐኪሞቹን ቃል ግን እንደሰማሁት ይዤዋለሁ፤ ያየሁትንም ሳላሳምር እናገራለሁ። ማሳመር የሚፈልግ ሌላ ይጻፈው።

ጀማል ወንድሜ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ያለበት ቤት በሩን ዘግቶ ይኖር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ከገበያ ይታፈሳል፣ ከኳስ ሜዳ ይታፈሳል፣ ሰርግ ቤት ገብተው ሙሽራውን ትተው ሚዜዎቹን የወሰዱበትም ጊዜ አለ። ወደ ሰሜን ከሄዱት የሰፈራችን ልጆች ደብዳቤ የላኩት ጥቂት ናቸው፤ የተመለሱት ከእነሱም ያንሳሉ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ደጃፏ ላይ በርበሬና ጨው ትቸረችራለች፣ እኔ በፈረቃ እሠራለሁ፣ ወንድ ልጅ ያለን አንድ ጀማል ነው። ስለዚህ ደበቅነው።

መጀመሪያ የላክነው ቆላ፣ ጨፋ፣ አጎታችን ዘንድ ነው። እዚያ ማሽላ ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ከረመ። አፈሳው እዚያም ሲደርስ በጨለማ ተነስቶ በእግሩ መጣ። መንገድ ላይ በረባሶው ተበጥሶበት እሾህ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ነበር። እናቴ አንገቷ ላይ ከክታቧ ጋር በምታንጠለጥለው ወረንጦ ነቀለችለት። እሾህ መንቀል እንደ እሷ የሚሆንለት አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እግራቸውን ይዘው እያነከሱ የሚመጡት ወደ እሷ ነው። አወጣችው፣ ለጀማል አሳየችው፣ ጣለችው። እሱም ቆጡ ላይ ወጣ። ስለ እሾሁ ማንም መልሶ አላነሳም።

እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። ቆላ ከርሞ መጣ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተኮሰ። ወባ ከልጅነቱ ጀምሮ ስንቴ ጥላው ታውቃለች። ወባ ሥርዓት አላት። መጀመሪያ ታንቀጠቅጣለች፤ ቤት ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ ቢከመር ሰውየው አይሞቀውም። ከዚያ ታቃጥላለች። ከዚያ ላብ ይመጣል፣ ገላ ይቀዘቅዛል፣ በሽተኛው ቀና ብሎ የሚበላ ነገር ይጠይቃል። እናቴ እኛንም፣ አባታችንንም፣ አጎታችንንም ያስታመመችው ይህን ቅዝቃዜ እየጠበቀች ነው። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ቤታችን አይጠፋም። ጀማል ዋጠ። ገላውን አሳከከው፤ ክሎሮኪን እንደሚያሳክክም እናውቃለን። ሁሉም እንደምናውቀው ሆነ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተረከዜን ያመኛል ብሏል። እናቴ በኩራዝ አየችው። እሾሁ የገባበት ጥቁር ነጥብ ተዘግቷል፤ ዙሪያው ትንሽ አብጧል። በሞቀ የጨው ውኃ አጠበችለትና ሸፈነችው። ከተረከዙ ተነስቶ በባቱ በኩል ወደ ላይ መውጣት የጀመረውን ቀይ መስመር አላየችም። ማንም አያይም ነበር። ቆጡ መስኮት የለውም፤ ጨለማ ነው፤ የመረጥነውም ለዚሁ ነው።

ትንፋሹ ፈጠነ። ተኝቶ እንደሚሮጥ ሰው ይተነፍሳል። ትኩሳቱ ነው አልን። የሚሸናበት ጣሳ ደረቀ። ሲያልበው ውኃው በዚያ ወጥቶ ነው አልን። ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ነበረን።

ከዚያ መቃዠት ጀመረ። ጨፋ የተመለሰ መስሎት ዝንጀሮ ያባርራል። ገባ፣ ገባ፣ በዚያ በኩል ገባ እያለ ይጮኻል። ከግድግዳችን ማዶ የሚኖረው የቀበሌ ጥበቃ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሰውየው ሲያስነጥስ እንኳ እንሰማለን። እናቴ ቆጡ ላይ ወጣች። አፉን በእጇ ያዘችው። ጆሮው ላይ ተጠግታ፣ አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር፣ ዝም በል ትለዋለች። እሱ ከእጇ ሥር ይጮኻል። እኔ እታች ሙቀጫ ይዤ እወቅጣለሁ፤ ድምፁን እንዲሸፍነው። ሙቀጫው ውስጥ ምንም የለም። ባዶውን እወቅጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝም አለ።

እናቴ ግንባሩን ዳሰሰች። ላብ አጥምቆታል፤ ገላው ቀዝቅዟል፤ ጩኸቱ ቆሟል። ወባ ስትለቅ እንዲህ ነው። ከቆጡ ስትወርድ ፊቷ በርቶ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀችው አለችኝ። ተቃቀፍን። የተገላገልነው ሁለት ነገር ነው፤ ትኩሳቱንና ድምፁን።

አመሻሹ ላይ ዳቦ ገዝታ ለጎረቤት ሶደቃ አደለች። የምሥጋና ነው ማለት አትችልም፤ ቤቷ ውስጥ የታመመ ሰው መኖሩን የሚያውቅ የለም። ለባሌ ነፍስ ነው አለቻቸው። የቀበሌው ጥበቃም ድርሻውን ተቀብሎ አላህ ይቀበልሽ አላት። እኔ የማታ ፈረቃ ገባሁ። ማሽኖቹ መሐል ሰው ሰውን አይሰማም፤ ስለዚህ እየዘፈንኩ ነው የሠራሁት። እስከ ዛሬ ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ያንን ፈረቃ ነው። ወንድሜ ከሞተበት ቀን ይልቅ እሱን እጠላዋለሁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው እዚህ ላይ ነውና ቆም ልበል። የወንድሜ ትኩሳት አልለቀቀም። ገላው ትኩሳት የሚያወጣበት አቅም አልቆበት ነው።

ጠዋት ስመለስ ፀሐይ ወጥቷል። እናቴ ሲነሳ ይርበዋል ብላ የአጃ ሾርባ እየሠራች ነበር። የእጅ ባትሪ ይዤ ቆጡ ላይ ወጣሁ። የጥፍሮቹ ሥር ጠቁሯል። ጉልበቱ ላይ ሐምራዊ ዝንጉርጉር ወጥቷል። እግሩን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ልብሱን ስገልጠው መስመሩን አየሁ። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። አላወቀኝም። መሸ ወይ አለኝ።

ደሴ እንውሰደው አልኩ። እናቴ ይወስዱታል አለች። ኬላውን፣ መታወቂያውን፣ ወታደሩን አንድ በአንድ አነሳችብኝ። ልክ ነበረች፤ በዚያ ሰሞን ከኮምቦልቻ ሲወጣ ወንድ ልጅ የጫነ መኪና ሳይፈተሽ አያልፍም። ስንት ወር የተጨነቀችው ለዚህ ነው። ዛሬ ብቻ እንየው፣ ወላሂ ነገ ይሻለዋል ብላ እጄን ይዛ ለመነችኝ። በሕይወቴ እናቴን ቀና ብዬ ተቃውሜያት አላውቅም ነበር።

«ይውሰዱት እማዬ» አልኳት። «በሕይወቱ ይውሰዱት።»

እጄን ለቀቀች።

በአንሶላ አውርደን በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነርሷ የደም ግፊቱን ለካች፤ ደግማ ለካች። ግሉኮስ ሰካችለት፣ ወደ ደሴ የሚያስተላልፍ ወረቀት ጻፈች፣ ራሷ መንገድ ላይ ወጥታ የጭነት መኪና አስቆመችልን። ጋቢና ውስጥ እናቴ ጭንቅላቱን ታቀፈች፤ እኔ ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እቀይራለሁ።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር በሩን ከፈተ። ዕድሜው ስንት ነው አለ። እናቴ አሥራ አምስት አለች። ጀማል ጢም አብቅሏል። ወታደሩ ብርድ ልብሱን ገለጠ። እግሩን አየ፣ ፊቱን አየ፣ መልሶ ሸፈነው።

«ሂዱ» አለ። «ይህ የእናንተው ነው።»

እናቴ ስንት ወር ስትጸልይ የከረመችው ይህን ቃል ለመስማት ነው። ሰማችው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን እስክንጨርስ አለቀሰች።

የደሴው ሆስፒታል በቁስለኛ ወታደር ሞልቶ ነበር፤ ኮሪደር ላይ ሳይቀር ተኝተዋል። የተቀበለን ሐኪም ቀጭን ወጣት ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ጀማልን እንዳየው ሮጠ። ሐኪም ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለወባ ደም ወሰዱለት፤ ወባ የለበትም። ተረከዙን ከፈቱት። መግል ወጣ፤ ከመግሉ ጋር የእሾህ ጫፍ ወጣ። ከስንዴ ዘር ያንሳል። ሐኪሙ በጥጥ ላይ አድርጎ አሳየን። እናቴ አየችውና እጇን ወደ አንገቷ ሰድዳ ወረንጦዋን ጨበጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቷ ላይ አላየሁትም። የሰፈሩ ልጆች እያነከሱ ሲመጡም ወደ ጤና ጣቢያ ትሰዳቸው ነበር።

«ሴፕቲሴሚያ ይባላል» አለን ሐኪሙ። «ኢንፌክሽኑ ከተረከዙ ተነስቶ ደሙ ውስጥ ገብቷል። የደም ግፊቱ በጣም ወርዷል። ግፊት ሲወርድ ደም ለኩላሊትም፣ ለአንጎልም በቅጡ አይደርስም።»

እናቴ ትኩሳቱ ለቆት ነበር እኮ ልጄ አለችው። ሐኪሙ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ያን ጊዜ የቀዘቀዘው ተሽሎት አልነበረም» አላት። «ገላው ደክሞ ነው።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የሶደቃውን ዳቦ እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ያሰብኩት እሱን ነው።

በሁለቱም ክንዱ ግሉኮስ ገባለት። ፔኒሲሊንና ክሎራምፌኒኮል ጀመሩለት። ኦክስጅን አደረጉለት። ካቴተር የሚሉትን የሽንት ቱቦ አስገቡለት፤ ከካቴተሩ ጫፍ ላይ የሽንት ከረጢት ተንጠለጠለ። ሐኪሙ ወደ ከረጢቱ ጠቁሞ፣ ዓይንሽን ከዚህ ላይ አታንሺ፣ ጠብታ ስታዪ ጥሪኝ አለኝ። ከረጢቱ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ግን፣ አሁንም ሳስባቸው ደስታና ሕመም እየተደባለቀብኝ፣ ጥሩ ቀናት ነበሩ። የደም ግፊቱ ቀስ እያለ ከፍ አለ፣ እጆቹ ሞቁ፣ የጥፍሩ ጥቁረት እየገፈፈ ሄደ፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ዓይኑን ገልጦ ረጋ ብሎ ካየኝ በኋላ ከድጃ ዛሬ ፈረቃ የለሽም እንዴ ሲለኝ ኮሪደር ወጥቼ ቁስለኞቹ መሐል ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ በየሰዓቱ እጁን እየዳሰሰች ሞቋል፣ ሞቋል ትላለች። ሾርባ ጠጣ፣ ዳቦ ነክሮ በላ፣ በጎረቤት ወሬ መሳቅ ጀመረ፣ እግሬ ሲሻለኝ ፋብሪካ አስገቢኝ እያለም ይጨቀጭቀኝ ጀመር።

አጠገቡ የተኛው ከጎጃም የመጣ አሥር አለቃ ነበር፤ ቀኝ ክንዱን ግንባር ላይ ያጣ፣ ጎልማሳ፣ ነገረኛ ሰው፣ ነርሶቹን ሁሉ በስማቸው እየጠራ የሚያሾፍባቸው። ጀማል ቆጥ ላይ ስንት ቀን ሰማይ ሳያይ እንደቆየ ሳያውቀው አፉ አምልጦት ሲነግረው፣ ሰውየው ነርሶቹን አስቸግሮ አልጋ ተለዋወጠው፤ የመስኮቱን ለጀማል ለቆ እሱ ከግድግዳው ሥር ተኛ። ከመስኮቱ ጦሳ ይታያል። ወንድሜ ደመናው ተራራው ላይ ሲወርድና ሲነሳ፣ ሰዎች ከታች በመንገዱ ሲመጡና ሲሄዱ ሲያይ ይውላል፤ ያችን ሴትዮ አየሻት፣ ያንን የጫነ አህያ አየሽው እያለ ሁሉን ይነግረኛል። እኔ ግን አሥር አለቃውን እፈራው ነበር። አንድ ቀን የፈራሁት ደረሰ።

«አንተ ልጅ» አለው አሥር አለቃው፤ «ለመሆኑ ከማን ነው ስትደበቅ የከረምከው?»

እናቴ አቀረቀረች። ጀማል ወደ እሱ ዞረ።

«ካንተ» አለው።

አሥር አለቃው አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ጀማልም ሳቀ፤ ጮክ ብሎ፣ አፉን ማንም ሳይዘው፣ በጨፋ በዝንጀሮ ላይ በሚጮኽበት ድምፅ ሳቀ። ከተደበቀ ወዲህ ያን ድምፁን በጤናው የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከረጢቱ ባዶ ነበር።

ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራኝ። «ጀርሙን አሸንፈነዋል» አለኝ። «አሁን የምንታገለው ጀርሙ ካበላሸው ጋር ነው።» ልቡ ተመልሷል፤ ሳንባው እየተሻለው ነው፤ ኩላሊቱ ግን አልተነሳም። ኩላሊት ሳይሠራ ሲቀር በሽንት መውጣት ያለበት ሁሉ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ፖታሲየም የሚባለው ከፍ ካለ ልብን በድንገት ያቆማል። ደም የሚያጣራ ማሽን በዓለም ላይ አለ፤ እዚህ የለም። አዲስ አበባ ስልክ እንደደወለ ነገረኝ። ምን አሉህ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ፊቱ ላይ ነበር። አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊት ሳምንታት ቆይቶ በራሱ ይነሳል፣ እሱን እንጠብቃለን አለኝ። እስከዚያ ውኃ በልክ። ብርቱካንና ሙዝ ፈጽሞ እንዳይቀምስ፤ ፖታሲየም አለባቸው።

ስመለስ እናቴ ከሰኞ ገበያ ብርቱካን ገዝታ መጥታለች። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ያለ ብርቱካን አይጠየቅም። መስኮቱ ላይ ደርድራው ነበር። አነሳሁት። ጀማል አየኝ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ውኃ የሚሰጠው በማንኪያ ነው። አንዷን ሰንጥቂልኝና ልምጠጣት ብሎ ለመነኝ። ከለከልኩት። በማግሥቱም ለመነኝ፤ በማግሥቱም ከለከልኩት። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንደዚያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከረጢቱ ውስጥ የሻይ ቀለም ያለው ሽንት አየሁ። ጥቂት ነው፤ ሲኒ አይሞላም። ነርሷ ለሐኪሙ ልትነግር ሮጠች። እናቴ ጎንበስ ብላ ከረጢቱን ሳመችው። አሥር አለቃው እሰይ አለ። ቀኑን ሙሉ ሦስታችን ከረጢቱን እያየን ዋልን።

አልጨመረም።

ፊቱ አበጠ። ትንፋሹ የሽንት ሽታ አመጣ። ስቅታ ያዘው፤ አልለቀው አለ። ያንቀላፋል። ይነቃል። ስሜን ይጠራል። ያንቀላፋል።

የሞተው ከሰዓት በኋላ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። እማዬ ሞቀኝ፣ ብርድ ልብሱን አንሺልኝ አለ። አነሳችለት። አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ሌላ አልመጣም። ሐኪሙ ሮጦ ደረሰ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሮጥ አየሁት። ደረቱን ጫነው። ደጋግሞ ጫነው። ከዚያ እጁን አነሳ።

ነርሷ ፊቱን ልትሸፍን ስትል እናቴ ከለከለቻት። ገና ትኩስ ነው አለች። እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችው። ያን ጊዜ ራሷ ሸፈነችው።

አሥር አለቃው በአንድ እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። አንድ እጅ ፊትን አይሸፍንም፤ ሁሉም አየው። ብርቱካኑን ለእሱ ትቼለት ሄድኩ። አልበላውም ሲል ሰማሁት።

በመጣንበት መንገድ ይዘነው ተመለስን። ኬላው ላይ ዕድሜውን ማንም አልጠየቀንም።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እናቴን ቀኑ ደርሶ ነው ይላታል። የቀበሌው ጥበቃም መጥቶ ይህንኑ አለ። ቀን እንዳለው እኔም አምናለሁ፤ ሙስሊም ነኝ። ግን እስኪደርስ ድረስ የሚጠበቀው ሐኪም ቤት ነው። ዛሬም ይህን ቃል ከአፉ የሚያወጣ ሰው ሲገጥመኝ በሽተኛው ስንት ቀን ቤት እንደተኛ እጠይቀዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ። ልጄ ረሕማ በኩላሊት ኢንፌክሽን ታማ ደሴ ስትተኛ የሕፃናት ሐኪሟ፣ ጥያቄ ሳበዛባት ሳትሰለች፣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። ዛሬ ሴፕሲስ ይሉታል። ድሮ ጀርሙ ደሙን መርዞ ነው የሚገድለው ይባል ነበር፤ ተመራማሪዎች ውለው አድረው ሲያጠኑት ግን ጀርሙን ሊመክት የተነሳው የገላው መከላከያ ራሱ ልክ አጥቶ የገዛ አካሉን እንደሚጎዳ ተረዱ፤ ኩላሊቱን፣ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ አንጎሉን። የአንዱ ኩላሊት ተነስቶ የሌላው ለምን እንደማይነሳ አሁንም እየፈለጉ ነው። ይህንን ነጥሎ የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም። በእጃችን ያለው መፍጠን ነው አለችኝ፤ አንቲባዮቲኩን ቶሎ መጀመር፣ ፈሳሹን ቶሎ መስጠት፣ ኢንፌክሽኑ የተነሳበትን ቦታ ቶሎ ፈልጎ መክፈት። እየሰማኋት እነዚያ ሰዎች የሚያጠኑት የእኔን ወንድም ነው አልኩ በልቤ። በማላውቀው አገር የጀማል ኩላሊት ለምን አልተነሳም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ አጽናናኝ። አናደደኝም፤ ምነው ቀደም ባሉ።

ጠርሙስ ሰክታ መኪና ያስቆመችልንን ነርስ አመሰግናለሁ። ያንን ሁለት ጊዜ የሮጠ ወጣት ሐኪም አመሰግናለሁ፤ የዛሬ ሐኪሞች ያላቸው አልነበረውም፣ የነበረውን ግን ሁሉ ሰጥቶናል። መስኮቱን የለቀቀልንን አሥር አለቃ፣ ካለም አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ ከሞተም ማረፊያውን ያሳምርለት። ወንድሜ የመጨረሻ ቀኖቹን ሰማይ እያየ የኖረው በእሱ ነው።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ካላችሁ ወባ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቅ እንጂ በእናንተ ልምድ አይወሰን። ወደ ብርሃን አውጡትና ገላውን ከጥፍሩ እስከ ራሱ እዩት፤ የተዘጋች ቁስል፣ የተረሳ እሾህ፣ የቀላ መስመር ፈልጉ። ትንፋሹ ከፈጠነ ትኩሳት ነው ብላችሁ አትተዉት። መቼ እንደሸና ጠይቁት፤ አትፈሩ፤ እኔ ያን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ዛሬ የማልሰጠው ነገር የለም። ከቃዠ ዝም አታሰኙት፤ ተሸክማችሁት ሩጡ። ዝም ሲልና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሶደቃ አታውጡ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ በኖረችው ረጅም ዕድሜዋ ቀዘቀዘለት የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ አላስነገረችም። ረሕማ የታመመች ዕለት እኔ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ የልጅ ትኩሳት ነው፣ እስከ ነገ እንየው ብዬ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ አርጅታ ነበር፤ ዓይኗም በደንብ አያይም። ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ አልጋው መጣችና እጇን የልጄ ግንባር ላይ አሳረፈች። ቆየች። እጇን ስታነሳ ነጠላዋን ማጣፋት ጀምራ ነበር።

«ትኩስ ናት» አለችኝ። «ተነሺ ከድጃ። ሳትቀዘቅዝ እንድረስ።»